የልጁን ቋንቋ ጎረቤትም ይወቀው

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ዓመቱ ሒሳብና ስለ ድንኳኑ ጥገና ከመነጋገራችን በፊት ይህን ንግግር እንዳደርግ ኮሚቴው ስለ ፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ስለ ሆነ፣ ዛሬም የምናገረው ስለ እነርሱ ነው። «ይህ ደግሞ ከዕድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አባል እንደሚኖር እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ከዚሁ ልጀምር።

እንዲህ ያለ ልጅ ወደምታሳድግ እናት ዘንድ ሄዳችሁ ከሁሉ የሚያስጨንቃት ምን እንደ ሆነ ብትጠይቋት፣ ድህነቷን አታስቀድምም፤ ድካሟንም አታስቀድምም። «እኔ ስሞት ማን ያይልኛል?» ነው የምትላችሁ። ሞትን የሚመለከት ጥያቄ ደግሞ የዕድር ጥያቄ ነው። ዕድራችን አባል ሲሞት ጥሩምባ ያስነፋል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ወደ ዕቃ ቤት ሲመለስ፣ ያ ልጅ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀራል። ጆሮውን ይዞ ሲጮህ አሞት ይሁን ጫጫታው ረብሾት የሚለይለት ማን ነው? እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ርቦት ይሁን ጠምቶት የሚያውቅ ማን ነው? እስከ ትናንት ድረስ እናቱ ነበረች። ቋንቋውን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ ከሌለ፣ እርሷ በተቀበረች ቀን የልጁም ቋንቋ አብሮ ተቀበረ ማለት ነው።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የእነዚህን ልጆች ቋንቋ እናታቸው ብቻ ሳትሆን ጎረቤትም ይወቀው የሚል ነው።

በቅድሚያ ስለ ማን እንደምንነጋገር ግልጽ ላድርግ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ማለት አንድ ልጅ ነገሮችን ለመረዳት፣ ለመማርና የዕለት ኑሮውን ለመምራት ከእኩዮቹ የበለጠ ጊዜና እርዳታ የሚያስፈልገው ሲሆን ነው። መነሻው አንድ አይደለም። በምጥ ጊዜ አየር ያጠረው ሕፃን፣ በልጅነቱ ማጅራት ገትር ያገኘው፣ ሲወለድ የያዘው የወፍ በሽታ በጊዜ ሳይታከም የባሰበት፣ እናቱ በእርግዝናዋ ወራት የአዮዲን እጥረት የነበረባት ልጅ ለዚህ ሊጋለጥ ይችላል። ዳውን ሲንድረም የሚባለውም አለ። የሰው ሕዋስ እንደ ወትሮው 46 ክሮሞዞም ሲኖረው በእነዚህ ልጆች ላይ 47 ይሆናል፤ ይህንንም የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 አስታውቀዋል። ኦቲዝም ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ የልጁን የመግባባትና ከሰው ጋር የመቀራረብ ችሎታ ይነካል፤ ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት ጋር አብሮ የሚገኝበት ጊዜም አለ። መነሻው ያልታወቀላቸው ልጆችም ብዙ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ እርግማን የሚባል የለም፤ የእናት ኃጢአት የሚባልም የለም። ይህን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ከቤት የሚደበቀው ከኀፍረት የተነሣ ነው። የተደበቀ ልጅ ሰው አያይም፤ ሰው ያላየ ልጅ ደግሞ ከሰው ጋር መግባባትን ከማን ይማራል? አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ለእነዚህ ልጆች የሚቀረው ሹመት አይደለም፤ ውሃው ነው፤ መድኃኒቱ ነው፤ ጓደኛው ነው።

ታዲያ «የማይናገር ልጅ ምን ቋንቋ አለው?» ትሉኝ ይሆናል። አለው እንጂ! መናገርና መግባባት አንድ አይደሉም። ሕፃን ልጅ ቃል ከማውጣቱ በፊት በለቅሶው፣ በፈገግታው፣ በዓይኑና በእጁ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ይከርማል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ደረጃ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል እንጂ ዝም አላለም። እጅ ጎትቶ ወደ በር የሚወስድ ልጅ «እንውጣ» እያለ ነው። ሳህኑን የሚገፋ ልጅ «በቃኝ» እያለ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የጠየቅናቸውን መልሰው ይደግሙታል፤ «ሻይ ትፈልጋለህ?» ስንለው «ሻይ ትፈልጋለህ» ይላል። ይህን እንደ ፌዝ የሚቆጥር ሰው አለ። ልጁ ግን «አዎ፣ እፈልጋለሁ» ማለቱ ሊሆን ይችላል።

ጩኸትና መማታትም ብዙ ጊዜ ንግግር ነው። ራሱን በጡጫ የሚመታ ልጅ ጥርሱን ወይም ጆሮውን አሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ባለጌ ነው» ከማለታችን በፊት «ምን ሊለን ፈልጎ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ከዚህ ጋር ጆሮውን በሐኪም ማስመርመር አይረሳ። በተለይ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ የመስማት ችግር ያገኛቸዋል። የማይሰማን ልጅ «አይገባውም» እያልን ዓመታት ማሳለፍ ትልቅ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ማናችንም ብንሆን በደጃችን ሲያልፍ ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ነገሮች በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ዝቅ ብለን በዓይኑ ትክክል ሆነን በስሙ እንጥራው። ከሩቅ ሆነን መጮህ አይጠቅምም። ዓይኑን ማየት የሚከብደው ልጅ ካለ ደግሞ «እየኝ!» እያልን አናስጨንቀው፤ አጠገቡ መሆናችን ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ዐረፍተ ነገራችንን እናሳጥረው፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንናገር። «ጫማህን አድርግና በሩን ዘግተህ እትዬ ቤት ሄደህ ወንፊቱን አምጣ» ማለት በአንድ ትንፋሽ አራት ሥራ ማዘዝ ነው። «ጫማ አድርግ» እንበለው፤ ያድርግ። ከዚያ ቀጣዩን እንናገር።

ሦስተኛ፤ እንጠብቅ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉም የሚከብደን ግን ይኸው ነው። እኛ ጠይቀን ወዲያው መልስ ካላገኘን እንደግማለን፤ እንደገና እንደግማለን፤ በመጨረሻም ራሳችን እንመልስለታለን። ልጁ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ገና እያሰበበት ነው። ስንደግምበት ሐሳቡ ይቋረጥና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ዐሥር ቁጠሩ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው መልሱ የሚመጣው።

አራተኛ፤ ምርጫ እንስጠው። «ምን ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ሰፊ ነው፤ ይከብደዋል። በአንድ እጃችን ብርቱካን በሌላው ሙዝ ይዘን «ብርቱካን ወይስ ሙዝ?» ብንለው ግን በዓይኑም ቢሆን ይመርጣል። የመረጠውን ወዲያው እንስጠው። ያን ጊዜ የመናገር ጥቅም ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

አምስተኛ፤ ባለው ላይ አንድ ቃል እንጨምርለት። «ውሃ» ካለ «ቀዝቃዛ ውሃ» እንበል። «ኳስ» ካለ «ኳስ ወርውር» እንበል። ካላረምነው፣ ካልተቆጣነውና ካልሳቅንበት፣ ቀስ በቀስ ሁለቱን ቃል ሊያያይዛቸው ይችላል።

ስድስተኛ፤ እርሱ ፊት ለፊታችን ቆሞ ሳለ እናቱን «ይበላል? ይጠጣል? ይሰማል?» ብለን አንጠይቅ። እርሱን እንጠይቅ፤ ካቃተው እናቱ ትረዳዋለች። ደግሞም ዕድሜውን እናክብር። አድጎ ጢም ያበቀለን ሰው «ማሙሽ» ማለት ፍቅር ሊመስለን ይችላል፤ ዳሩ ግን ከዕድሜ እኩዮቹ መካከል ማውጣት ነው።

እነዚህን ለመለማመድ የተለየ ሰዓት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን በሀገራችንም ተሞክሯል። የተመሠረተበትም ሐሳብ ይኸው ነው፤ ልጅ የሚማረው በዕለት ሥራና በጨዋታ ውስጥ ነው። ሲታጠብ «እጅ»፣ ሲለብስ «ሸሚዝ»፣ እንጀራ ሲቀርብለት «እንጀራ» እያልን እንናገር። ቤታችን ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው።

ቃል ጨርሶ ለማይወጣቸው ልጆች ደግሞ እጅና ሥዕል አለ። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማርጋሬት ዎከር የተባለች የንግግር ሕክምና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ማካቶን የሚባል ዘዴ አዘጋጀች። በዚህ ዘዴ ሰውየው እየተናገረ ዋና ዋናዎቹን ቃላት በእጁ ምልክት ያሳያል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1985 አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስት በሥዕል የመለዋወጥን ዘዴ ጀመሩ፤ ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል አንሥቶ ለሰው ይሰጣል፤ ሰውየውም ነገሩን ይሰጠዋል። እኛ እነዚህን እንደ ወረዱ መቅዳት አይጠበቅብንም። በካርቶን ላይ የስኒ፣ የእንጀራ፣ የመጸዳጃ ቤትና የአልጋ ሥዕል ለጥፎ በልጁ አንገት ወይም በግድግዳ ላይ ማንጠልጠል ከየትኛውም ቤት አቅም በላይ አይደለም። ፎቶ ግራፍ ከሆነ ደግሞ የራሱ ስኒ፣ የራሱ አልጋ ይሁን፤ ቶሎ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ከብዙ ወላጆች የምሰማው ሥጋት አለ። «በእጁ ማመልከት ከለመደ መናገሩን ይተወዋል» ይላሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። ጥብቅ ማስረጃ ያለባቸውን ጥናቶች ሲለዩ 27 ሰዎችን የሚመለከት ውጤት አገኙ። ከ27ቱ ውስጥ ምልክት ወይም ሥዕል በመጠቀሙ ንግግሩ የቀነሰበት አንድም ሰው አልተገኘም። ከመቶ 89ኙ ንግግራቸው ሲሻሻል የቀሩት ባሉበት ቆይተዋል። ምርኩዝ የያዘ ሰው መራመድ አይረሳም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ አትፍሩ።

የተከበራችሁ አባላት፣

እስካሁን የተናገርሁት በአንድ ልጅና በአንድ ትልቅ ሰው መካከል ስላለው መግባባት ነው። ልጅ ግን ጓደኛም ያስፈልገዋል። ጓደኝነት ደግሞ በስብከት አይመጣም፤ አብሮ በመጫወት ነው። በሰፈራችን ሌባና ፖሊስ፣ አኩኩሉ፣ ሰኞ ማክሰኞና ገበጣ የሚጫወቱ ልጆች አሉን። ከእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ተራ መጠበቅን የሚያስተምሩት በተለይ ጠቃሚዎች ናቸው፤ ንግግርም እኮ ተራ በተራ ነው። ኳስ ማንከባለል ይበቃል፤ አንተ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ አንተ። ልጆቻችን «እሱ አይችልም» ሲሉ «እንዲችል ሕጉን አሻሽሉለት» እንበላቸው። ልጆች ሕግ ማሻሻል ያውቁበታል። ሁለት ጊዜ እንዲሞክር፣ መስመሩን ቀረብ እንዲያደርጉለት፣ አንድ ልጅ እጁን ይዞ አብሮት እንዲሮጥ ራሳቸው ይስማማሉ። ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ከበቡት ማለት ግን ጨዋታ አይደለም፤ ያስፈራዋል። በአንድ ወይም በሁለት ልጆች፣ በአጭር ጊዜ፣ እርሱ በሚወደው ነገር ይጀመር።

የቡና ሰዓትም እንዲሁ ነው። እናቱ ለቡና ስትጠራ ልጁን ቤት ዘግታ እንዳትመጣ፣ «ይዘሽው ነይ» እንበላት። ሲመጣም ሥራ እንስጠው። ፈንዲሻውን ያዙር፤ ስኒ ይሰብስብ። አንድ ስኒ ቢሰበር ስኒ ነው። በየቤቱ እየገባ ሰላምታ መስጠትን፣ እጅ መጨበጥን፣ «እንደምን ዋላችሁ» ማለትን ወይም በእጁ ማሳየትን ይማራል። በዚህ ዓይነት ከዓመት በኋላ ዐሥር ቤት የሚያውቀውና ዐሥር ቤት የሚያውቁት ልጅ ይሆናል።

አንድ ከባድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መናገር የማይችል ልጅ፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ ለክፉ ሰው ትመቻለች፤ የደረሰባትን አትናገርምና። ስለዚህ ከምናስተምራቸው የመጀመሪያዎቹ ቃላት አንዱ «አይሆንም» መሆን አለበት፤ በአፍም ይሁን በእጅ። ልጅ «አይሆንም» ሲል ዘወትር እየጣስነው ካሳደግነው፣ በክፉ ቀን «አይሆንም» ማለት ምንም እንደማያመጣ አስተምረነዋል ማለት ነው። በማይጎዳ ነገር እንቢ ሲል እንቢታውን እናክብርለት፤ ሳመኝ ብለን አናስገድደው። የሰውነቱን ክፍሎች ስም እናስተምረው፤ ማን ሊያጥበው፣ ማን ሊያለብሰው እንደሚችል ይወቅ። ምልክቷን የሚያውቁ ብዙ ዓይኖች ያሏትን ልጅ ክፉ ሰውም በቀላሉ አይደፍራትም።

አሁን ወደ ዕድራችን ዋና ሥራ፣ ወደ ኀዘን ቤት ልመለስ።

በእኛ ባህል መርዶ ሲነገር በጎሕ ነው፤ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ድንገት ዋይታ ይነሣል። በዚያ ሁካታ መካከል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ወይም ወደ ጓዳ ይገፋል። ሲጠይቅም «አባትህ መንገድ ሄዷል» ይባላል። ይህን የምንለው ከርኅራኄ ነው፤ ውጤቱ ግን ጭካኔ ነው። መንገድ ሄዷል የተባለ ልጅ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ለሳምንት ሳይሆን ለዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። «ተኝቷል» የተባለ ደግሞ መኝታ ይፈራል። እውነቱ በአጭር ቃል ይነገረው፤ «አባትህ ሞቷል። ሰውነቱ መሥራት አቁሟል። ተመልሶ አይመጣም። እኔ ግን አለሁ።» ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ እንደየእምነቱ የሚጨምረው ካለ ይጨምር። በማግሥቱ ደግሞ ይጠይቃል፤ በሳምንቱም ይጠይቃል። ሳንሰለች በዚያው ቃል እንመልስለት። እኛ ብንሰለቸውም እርሱ ግን ቀስ በቀስ እየገባው ነው።

ቀብር መሄድ ከፈለገ ይሂድ፤ አስቀድሞ ግን ምን እንደሚያይ ይነገረው። «ብዙ ሰው ይኖራል፤ ሰዎች ያለቅሳሉ፤ ጮክ ይላሉ፤ እኔ እጅህን ይዣለሁ» ይባል። አንድ የሚያውቀው ሰው ከጎኑ እንዳይለይ፤ ጫጫታው ሲበዛበት ይዞት ራቅ ይበል። ይህ ሰው በዕለቱ ሌላ ሥራ አይሰጠው። በድንኳን ውስጥም ልጁ መቀመጫ ይኑረው፤ ለቀስተኛም እርሱን እየዘለለ ሌሎቹን አያጽናና። የእርሱም አባት ነው የሞተው።

እንዲህ እንዲሆን የዕድራችን አባላት ከወዲሁ ልናደርጋቸው የሚገቡ አራት ነገሮችን ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው የመተዋወቂያ ደብተር ነው። ወላጅ ፈቃደኛ ሲሆን፣ በአንዲት ተራ የተማሪ ደብተር የልጁ ቋንቋ ይጻፍ። ሲርበው ምን ያደርጋል? ሲጠማው? ሲያመው? መጸዳጃ ቤት ሲፈልግ? ምን ይወዳል? ምን ያስፈራዋል? ሲናደድ በምን ይረጋጋል? የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱ ምንድን ነው፣ በስንት ሰዓት ይሰጣል? ይህ መድኃኒት በለቅሶ ግርግር አንድ ቀን ሊታለፍ አይገባም፤ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ይነሣበታልና። ደብተሩ በሁለት ይገልበጥና አንዱ ቤት፣ አንዱ ወላጅ ከመረጠው ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ። የአደባባይ ወረቀት አይደለም፤ የልጁ ምሥጢር ነውና ይጠበቅ። በየዓመቱም ይታደስ፤ ልጅ ያድጋል፣ ቋንቋውም ያድጋል።

ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ቤተሰብ ሁለት ጎረቤቶች በፈቃደኝነት ይመደቡ። ሥራቸው ገንዘብ መስጠት አይደለም። በሳምንት አንድ ጊዜ ሄደው ከልጁ ጋር ጥቂት መቀመጥ፣ ምልክቶቹን መማር፣ እናቲቱም ገበያ ወይም ሐኪም ቤት ደርሳ እንድትመለስ ፋታ መስጠት ነው። ለልጁ እንግዳ የሆነ ሰው በኀዘን ቀን መጥቶ ሊያጽናናው አይችልም፤ ትውውቁ በደኅና ቀን መጀመር አለበት።

ሦስተኛው፣ ያደጉት ልጆች በዕድሩ ሥራ ውስጥ ቦታ ያግኙ። ወንበር መደርደር፣ ውሃ ማቅረብ፣ ብርጭቆ መሰብሰብ በምልክትና በማሳየት የሚለመድ ሥራ ነው። ሰው የሚከበረው ሲረዳ ብቻ ሳይሆን ሲያገለግልም ነው።

አራተኛው የደንብ ነገር ነው። በወላጁ ጥላ ሥር የሚኖር፣ ዕድሜው የደረሰ ነገር ግን ብቻውን መኖር የማይችል ልጅ በወላጁ ሞት ምክንያት ከዕድሩ እንዳይወጣ፣ የደንብ አሻሻይ ኮሚቴው አንድ አንቀጽ አጥንቶ እንዲያቀርብ እጠይቃለሁ። ወላጆችም ከእነርሱ በኋላ የልጁ ኀላፊ ማን እንደሚሆን በሕይወት ሳሉ ከዘመድና ከሕግ ባለሙያ ጋር ተማክረው በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ይህን ስል ሸክሙን ሁሉ ዕድር ይሸከመው ማለቴ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን እንዲረዳ ይደነግጋል። ሀገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ልጆቹም ከሌሎች ጋር እኩል የመማር መብት አላቸው። ስለዚህ «ትምህርት ቤት አይቀበለውም» ብለን ሳንጠይቅ አንቅር። የልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በአቅራቢያችን የት እንደሚገኝ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ለኮሚቴያችን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከመንግሥት ሌላ የወላጅ ብርታት ምን እንደሚሠራም አይተናል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ያለበት ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ኦቲዝም የሚለው ቃል እንኳ በብዙ ሰው ዘንድ ባልታወቀበት ጊዜ በአደባባይ ወጥተው ስለ ልጃቸው ለመናገር የደፈሩ ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የጀመሩት ሥራ ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም፤ ለሌሎች አስተምረውት ነበርና። ከእያንዳንዷ እናት የምንማረው ይህንኑ ነው፤ የምታውቀውን ለሌላ ሰው ካስተማረች እውቀቷ ከልጇ ጋር ይኖራል።

ክቡራንና ክቡራት አባላት፣

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው አነጋገር ለማንም ይሠራል፤ ለእነዚህ ልጆች ግን ከማንም ይልቅ ይሠራል። ከሩቅ የሚመጣው ዘመድ ልጁን ላያውቀው ይችላል፤ ምልክቱንም ሊማር ዓመታት ይፈጅበታል። እኛ ግን በአንድ አጥር ነን። ዕድራችን በየወሩ የሚሰበስበው መዋጮ ለመጨረሻው ቀን ስንቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከመዋጮው ጋር አንድ ሌላ ነገር እናጠራቅም፤ ከጎረቤት ልጅ አንድ ምልክት፣ አንድ ቃል፣ አንድ ሰላምታ በየወሩ እንማር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሳጥንም አያስፈልገውም።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ፣ በሰፈራችሁ ድምፁን ሰምታችሁ ፊቱን ያላያችሁት ልጅ ካለ እስቲ ነገ ጠዋት በሩን አንኳኩ። «ልጅሽን ላስተዋውቀው መጣሁ፤ ስሙ ማን ነው?» በሏት። እናቲቱ መጀመሪያ ትደነግጥ ይሆናል። ከዚያ ግን ወንበር ታወጣላችኋለች።